አገጭ ወደ ደረት

በ1981 ዓ.ም. በጋ ማጅራት ገትር ሐዋሳ ገባ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ታቦር ሰፈራችን ውስጥ ሰው መሞት ሲጀምር ቀበሌው ማንም ከግቢው እንዳይወጣ ከለከለ፤ ግዛቸው የሚባለው አብዮት ጥበቃም መንገዳችን ላይ ቆመ። እኔ የማስተምርበት ክፍል፣ ልጄ ታቢታ የምትማርበት ክፍል ሳይኖረን አንድ ቤት ውስጥ ተፋጠን ተቀመጥን።

የበሽታው ምልክት የአንገት መድረቅ እንደሆነ በሬዲዮ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስትነሳም፣ ስትበላም፣ ስታነብም «እስቲ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ» እላት ጀመር። መጀመሪያ እየሳቀች ታደርገው ነበር። በኋላ መሳቁን ተወችው።

ሱቁ የተዘጋበት ጎረቤታችን ሙክታር በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ያየን ነበር።

«ኧረ ተዉአት እትዬ ካሰች! በቀበሌ ስብሰባ እኛ አንገታችንን የነቀነቅነው ለእሷም ይበቃታል።»

«ድምፅህን ቀንስ፣ አንተ ሰው!»

አንድ ጠዋት ታቢታ አልነሳ አለች። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል።

«አገጭሽን…»

«ያመኛል፣ እማ።»

«አንገትሽን?»

«አንቺ ነሻ! ቀኑን ሙሉ እያስጎነበስሽኝ።»

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ትኩሳቱን ግን እኔ አላመጣሁትም።

መድኃኒቱ ያለው ሕሙማን በተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። እዚያ ጤነኛ አይገባም። የገባ ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለም ለቤተሰቡ የሚነግር የለም። በራችን ላይ ቆሜ ስለቆየሁ ግዛቸው መጣ፤ የልጄን ትኩሳት ነገርኩት።

«መቼም እዚህ አያስቀምጧትም፣ እትዬ» አለ። «መኪና ልጥራ። ለአጭር ጊዜ ነው፤ ትመለሳለች።»

ታቢታ በሆዴ ሳለች አባቷንም «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው ነበር የወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

«እኔም አሞኛል» አልኩ።

«መቼ?»

«ሌሊት ጀመረኝ።»

«እስቲ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ።»

አንገቴን ትንሽ ጎንበስ አደረግኩና የደረቀብኝ መስዬ አቆምኩ። ግዛቸው ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

«ለሁለት ሰው ቦታ አይጠፋም» አለ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዴስኮቹ ወደ ውጭ ወጥተው ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። አፏን በነጭ ጨርቅ የሸፈነች ነርስ ታቢታን መርፌ ወጋቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎን ሐኪሙ ያይዎታል። እስከዚያ በጀርባዎ ይተኙ፣ አንገትዎን አያንቀሳቅሱ። ትናንት አንዷ ልጄን ላስታምም ብላ ዋሽታ ገብታ፣ ወዲያው ነው ያስወጣናት።»

በጀርባዬ ተኛሁ። የሚታየኝ ጣሪያው ብቻ ነው። የታቢታ ፍራሽ ከእኔ በስተቀኝ ነው፤ ነርሷ ደግሞ በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማ» አለች ታቢታ።

«አለሁ።»

«እዪኝ እስቲ።»

«አለሁ አልኩሽ እኮ። ተኚ።»

ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ደግሞ ይዘገያል። ከዚያ ከሌሎቹ ትንፋሽ ጋር ተቀላቀለና የቱ የእሷ እንደሆነ ጠፋኝ። ዓይኔን ከጣሪያው ሳላነሳ እጄን ወደ ቀኝ ዘረጋሁ። ያገኘሁት የሹሩባዋን ጫፍ ነበር። ትኩሳቱ ይውረድ ይጨምር ከዚያ ላይ ማወቅ አልቻልኩም።