አሥረኛዋ ፈራሚ

ጽጌማርያም ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት የለካችው በቁልፍ ነው። ኮልፌ ገበያ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ሃያ ሁለት ዓመት ስለሆናት፣ ጣቷ የቁልፍን መጠን ሳታይ ያውቃል። ጥቅምት ስድስት ቀን ገላዋን ስትታጠብ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ነበር። ኅዳር ሲገባ የሱሪ ቁልፍ አከለ። የትእዛዝ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑንና የቁልፉን ዓይነት ጻፈች። የምን ልኬት እንደሆነ ግን አልጻፈችም፤ ለማንም አልተነፈሰችም።

ሐኪም ቤት ያልሄደችው ፈርታ ብቻ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ሉሲን የምታስተምረው በሁለት የስፌት መኪና ነው። ያለ መድን ቀዶ ሕክምና ከመጣ መኪኖቹ ይሸጣሉ፤ መኪኖቹ ከተሸጡ በኋላ ለሚቀጥለው ሕክምና የሚሸጥ ነገር የለም። ነገሩን ከየት ጀምራ ብታስበው መጨረሻው እዚያው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ መድን፣ ከዚያ ሐኪም አለች።

ወረዳ ሄደች። የጤና መድን የምትመዘግበው ልጅ ትሑት ነበረች።

«ምዝገባው ተዘግቷል፣ እናቴ። ጥር ላይ ይከፈታል፤ ካርዱ የሚሠራው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለታመመ ሰውስ?»

«አሞዎት ነው?»

«ኧረ እኔስ ደህና ነኝ» አለች ጽጌማርያም፣ አፏ እንደለመደው።

ከዚያ የግል ኢንሹራንስ ወኪል የሆነውን ኤልናታንን አገኘች፤ ክራቫት አስሮ በሼዱ ጭቃ ውስጥ ጫማውን እየጠበቀ የሚራመድ ወጣት ነው። «ለአንድ ሰው ብቻ አንሸጥም፣ እትዬ» አላት። «የሼዱ ማኅበር አሥር ሰው ካመጣ ግን እመዘግባችኋለሁ። በተፈራረማችሁ በወሩ ይጀምራል።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ሰበሰበች። እድር ሲሞቱ ነው፣ ይሄ ሳይሞቱ ነው እያለች ከበር በር ዞረች። ቀድማ እሺ ያለችው ጸጉር ቤት ያላት ማርያማዊት ነበረች፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው። ለማሳመን ያስቸገሩት ጫማ ሠሪው ጋሼ ወዬሳ ናቸው።

ፎርሙ የተሞላው ጽጌማርያም ሱቅ ውስጥ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኤልናታን ጥያቄውን ጮክ ብሎ አነበበ። «የታወቀ ሕመም አለብዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን የሚል ሳጥን የለኝም። አለ ወይም የለም ነው።»

«የታወቀ ማለት ማን ያወቀው ነው?» አለች ጽጌማርያም።

«ሐኪም ያወቀው፣ እትዬ።»

የእሷን ሐኪም አላወቀውም። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ጋሼ ወዬሳ እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ።

«ጋሼ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡት ለቁንጅና ነው?» አለች ማርያማዊት።

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን በመቀስሽ ከርክሚው!» አሏት። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በትልልቅ ፊደል «ስኳር አለብኝ» ብለው ጻፉ። «ጌታ የሚያየው ወረቀት ላይ አልዋሽም።»

ከሦስት ቀን በኋላ ኤልናታን ደወለ። ስኳሩ ስለታየ ኩባንያው አሥሩም ሰው ቤቴል ካለ ክሊኒክ ተመርምሮ ውጤቱ ይምጣልኝ ብሏል፤ ወጪው የኩባንያው ነው። ሼዱ ፈነደቀ። በነፃ ምርመራ!

«በኔ ምትክ ሌላ ሰው ባስገባስ?» አለች ጽጌማርያም ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ።

«ዝርዝሩ ገብቷል፣ እትዬ። ስም ከተቀየረ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።»

ከመጀመሪያው ማለት ማርያማዊት ከወለደች በኋላ ማለት ነው።

ልትቆጣቸው ወደ ጋሼ ወዬሳ ሱቅ ሄደች። ሶል እየሰፉ ነበር። «አስቀየምኩሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ ቀና ብለው።

«አይ፣ ጋሼ። ልክ ነዎት።» ክፋቱም ይኸው ነበር፤ ልክ ናቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ እጇን ወደ ላይ እንድታነሳ ነገረቻት። የሐኪሟ ጣቶች ተጓዙ፤ ቆሙ፤ ተመለሱ።

«መቼ አዩት?»

ጽጌማርያም ዛሬ ለማለት አፏን ከፈተች። «ጥቅምት ስድስት» አለች።

ሐኪሟ ጻፈች። «አትቆዩ። ቶሎ ናሙና መወሰድ አለበት።»

«እስከ ጥር ብቆይስ?»

«ይቻላል ልልዎት አልችልም። አይቻልም ለማለትም ናሙናውን ማየት አለብኝ።»

የላከቻት ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ነበር። እዚያ ለየካቲት ቀጠሯት።

ኤልናታን በአሥረኛው ቀን ውሎቹን ይዞ መጣ። የጋሼ ወዬሳ ስኳር በመድኃኒት የተያዘ ስለሆነ ጥቂት ጭማሪ ተደርጎበት አልፏል። ለሌሎቹ አንድ አንድ ገጽ አደለ። ለጽጌማርያም ሁለት ገጽ ሰጣት፤ ሁለተኛው ላይ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። ጡትን የሚመለከት ማንኛውም ምርመራና ሕክምና በዚህ ውል አይሸፈንም ይላል።

«ካልፈረምኩስ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዘጠኝ ይሆናሉ።» ኤልናታን ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

ማርያማዊት ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ወገቧን እያሸች ነበር። «እትዬ ጽጌ፣ ያንቺ ለምን ሁለት ገጽ ሆነ?»

«ስሜ ረጅም ስለሆነ።»

«የኔስ ከማን ያንሳል?»

ሳቁ። ጽጌማርያም ፈረመች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይም ፈረመች። ሌሎቹ ወደየሱቃቸው ሲበተኑ ኤልናታን ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ብቻውን ከእሷ ጋር ቀረ።

«ጉንፋን ይሸፍናል?» አለችው።

«ይሸፍናል፣ እትዬ።»

«ወገብ?»

«ይሸፍናል።»

«ዓይን?»

«መነጽር አይጨምርም እንጂ ይሸፍናል።»

«ብወድቅና እግሬ ቢሰበር?»

«ሁሉንም ይሸፍናል…» አለና አፉን ያዘ። ቦርሳውን ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ፤ ደግሞ ዘጋ።

«አይዞህ» አለችው ጽጌማርያም። «አንተ ምን ታደርግ።»