አሥሩ ማይክሮስኮፖች

የታችኛውን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል ደግሞ «ጠመኔ» ይሉታል፤ ቢሮ ከተቀመጠ በኋላም የኮቱ ኪስ ከጠመኔ ብናኝ ጸድቶ አያውቅምና። በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ የዋሸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አላወቀበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረዳው ዕቃ የሚያድለው ውጤት እያየ ነበር። የላይኛው ትምህርት ቤት ልጆች ፈተና ስለሚያልፉ ትምህርት ቤታቸው ይሸለማል፤ በተሸለመው ዕቃ ተምረው በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ያልፋሉ። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይኸው ነው። የታችኛው ልጆች ግን የሽንኩርት ሴል የሚያውቁት ሰሌዳ ላይ ሲሳል ብቻ ነው፤ ሥዕሉም ከሽንኩርት ይልቅ የጡብ ግንብ ይመስላል።

ዘንድሮ ገምጋሚ ትመጣለች ሲባል ጠመኔ ቸገረው። የላይኛው ርዕሰ መምህር አብሮ አደጉ ነው፤ ሽልማት ከማብዛቱ የተነሣ «ባለዋንጫው» ይሉታል። ሄዶ ለመነው።

«ማይክሮስኮፖቹን ለሁለት ቀን አውሰኝ። ባዶ መደርደሪያ ካየች ዘንድሮም ዜሮ ልትሰጠን ነው፤ ዜሮ ካገኘን ደግሞ ምንም አይደርሰንም።»

«ውሰድ ወንድሜ! ለአንተ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አለው ባለዋንጫው።

አሥሩንም ጭኖ መጣ። ገምጋሚዋ መደርደሪያውን አይታ «የቤተ ሙከራ ዕቃ፦ የተሟላ» ብላ ጻፈች። በማግሥቱ ዕቃው ሳይመለስ፣ ማንም ሳይጠብቃት፣ ላይኛው ትምህርት ቤት ከተፍ አለች። መደርደሪያው ባዶ ነው። «ያረጀው ተወግዷል» አለ ባለዋንጫው፤ ሌላ ምን ይበል?

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በወሩ ደብዳቤ መጣ። ለካ ወረዳው ደንቡን ቀይሯል፤ ከዘንድሮ ጀምሮ ዕቃ የሚሰጠው ለሌለው ነው። ስለዚህ አሥር አዳዲስ ማይክሮስኮፖች ምንም ለሌለው፣ ለላይኛው ትምህርት ቤት፣ ተላኩ። ስንት ዓመት የተለመነ ፍርድ መጥቶ በር ተሳሳተ፤ በሩን ያሳሳተውም ጠመኔ ራሱ ነው።

ወደ አብሮ አደጉ ሮጠ። ሣጥኖቹ ገና አልተከፈቱም።

«የልጆቼን ድርሻ ስጠኝ።»

«በትምህርት ቤቱ ስም የመጣ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለ ባለዋንጫው ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ከተናገርን ሁለታችንም ገደል እንገባለን። አንተ ደግሞ ለጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶህ ምን አንከራተተህ?»

ጠመኔ ተናዶ ነበር፤ ከባለዋንጫው ይልቅ ግን በራሱ ነበር የተናደደው። በማግሥቱ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደና የሆነውን ሁሉ ጽፎ ለገምጋሚዋ ሰጣት። ሁለቴ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከቦታዎ ያስነሣዎታል። ባይሰጡኝስ?»

«ያንሡኝ ልጄ። ዕቃው ብቻ ይምጣ።»

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ጠመኔ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ክፍል ገብቶ ሳይንስ እንዲያስተምር ይላል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ስላጠፉ ደግሞ አዲሶቹን ማይክሮስኮፖች «ለፍትሐዊነት ሲባል እኩል እንዲካፈሉ»። አምስት ለዚያ፣ አምስት ለዚህ። ከተመለሱት ከነባሮቹ ጋር ላይ አሥራ አምስት፣ ታች አምስት ማለት ነው። ይህን እኩል ብሎ የፈረመው ሰው መቼም ስልሳ አምስት ልጅ ይዞ አስተምሮ አያውቅም።

ጠመኔ ግን ያን ሁሉ ልጅ ይዞ የመጀመሪያውን ቀን አስተማረ። አምስት ማይክሮስኮፕ፣ አርባ ደቂቃ፤ ሲያሰላው ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ይደርሳል። አሰልፏቸው ሰዓቱን ይዞ ቆመ።

አንዲት ልጅ ከሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ ዓይኗን አልነቅል አለች።

«ጋሼ፣ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለች ክብ ነገር አለች። ምንድነች? ሁሉም ውስጥ አለች እንዴ?»

በዚያ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ሊያሳያት፣ እስክትጠግብ ሊያስቆጥራት ፈለገ። ሰዓቱን አየ። ከኋላዋ ዘጠኝ ልጆች ቆመዋል።

«ተነሺ ልጄ» አላት፤ «ለሌላው ልቀቂ።»