ግራጫ ሹራብ የለበሰችው አማት

አርታኢው ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። ልብ ወለዱን የጻፈችው ፋርማሲስት አሁንም ነገሩ እንዳልሆነላት ያኔውኑ ገባት።

«አማቲቱ አልሆነችም» አላት።

«እንዴት ነው ያልሆነችው?»

«ክፉ ናት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ክፉ ናት፣ መጨረሻም ላይ ክፉ ናት። ትገባለች፣ ትሳደባለች፣ በሩን በርግዳ ትወጣለች። ምን ፈልጋ እንደምትሳደብ ግን አላውቅም። አንቺስ ታውቂያለሽ?»

ፋርማሲስቷ ደሟ ፈላ። ባለፈው ቅጽሉን ቀንሺ ሲላት ቀነሰች። ከዚያ በፊት ደግሞ «ተናደደች ብለሽ አትንገሪኝ፤ ስትናደድ ልያት» ብሏት ሰው ሁሉ ሳህን እስኪሰብር ድረስ ጻፈች። አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ይሄ ሰው መጽሐፍ ነው የሚፈልገው ወይስ የእኔን ዕድሜ? አለች በሆዷ።

«እንዲህ ያለ ሰው በእውነት ካለስ?» አለችው።

«ይኖራል። ወረቀት ላይ ግን አላገኘሁትም። ቤትሽ ሂጂና ጮክ ብለሽ አንብቢው። አፍሽ አልታዘዝ ያለበት ቦታ ላይ ቁሚ። ደግሞም ሴትዮዋ በገባች ቁጥር ‹አሁን ምን ፈልጋ መጣች?› በይ። የሆነ ነገር ትፈልግ። ጨውም ቢሆን ትፈልግ።»

ፋርማሲስቷ ረቂቁን ብብቷ ውስጥ ወትፋ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ለራሷ አጉረመረመች። የመጽሐፏ አማት ምን እንደምትፈልግ እሷ በምን ታውቃለች? የገዛ አማቷ ምን እንደሚፈልጉ እንኳ አብራቸው እየኖረች አታውቅም።

ነገሩ ይኸው ነበር። አማቷ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ዳሌያቸውን ከተሰበሩ ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው። ልጃቸው መሬት ቀያሽ ስለሆነ ሰኞ ወጥቶ ዓርብ ይመለሳል፤ በመሃል ያለውን ሳምንት ሁለቱ ሴቶች ይፋጠጡበታል። ፋርማሲስቷ ስትጽፍ ቀጭኗን ሴትዮ ወፍራም አድርጋታለች፣ የወርቅ ጥርስ ተክላላታለች፣ ዳይሬክተርነቱንም ነጥቃ ነጋዴ አድርጋታለች። ማንም አይለያትም ብላ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበራትም። አማቷም ለዳሌያቸው ሕክምና ወጥተዋል። እሷ ወጥ ቤት ገብታ ማጠቢያው ጎን ቆመችና እንደተባለችው ጮክ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«‹አንቺ የእፉኝት ልጅ! ልጄን ነጥቀሽ እኔን ልትቀብሪኝ ነው!› አለች አሮጊቷ ጥርሷን እያፋጨች።»

አፏ ተያያዘባት። ደገመችው። አሁንም አልሄደላትም።

«እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» የሚል ድምፅ ከጀርባዋ መጣ።

ዞር ስትል አማቷ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ በሩ ላይ ቆመዋል። «ሐኪሙ የለም ብለው መለሱኝ» አሉ። «ቀጥይ እንጂ።»

«ልብ ወለድ ነው፣ እማማ።»

«ይገባኛል። ቀጥይ።»

ምን ታድርግ፤ ቀጠለች። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁመው እንደሚያዳምጡ ሁሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ምዕራፉ ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማን ናት ይቺ ሴትዮ?»

«ማንም አይደለችም።»

«ማንም ካልሆነች የእኔን ሹራብ ለምን ለበሰች?»

ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አየች። ግራጫ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ሁሉን ለውጣ ሹራቡን ረስታዋለች። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ሲያፍሩ መቆጣት ይቀላልና ተቆጣች።

«እሺ፣ እርስዎ ነዎት! ብርጭቆ አጥቤ በደረደርኩ ቁጥር አውርደው እንደገና የሚያጥቡት ምን ሆኜ ነው? እጄ ቆሻሻ ነው?»

«ይሄንን ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?»

«ብርጭቆ ማጠብ ማን ያነባል?»

«እኔ አነባለሁ። ስድቡን አላመንኩሽም። ብርጭቆውን ግን አምንሻለሁ» አሉ አማቷ። የቦርሳቸውን ማንገቻ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። «ብርጭቆውማ ንጹሕ ነው። ጠዋት እናንተ ትወጣላችሁ። ያን ሁሉ ተማሪ ሳሰልፍ፣ ያን ሁሉ መምህር ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ እጄ ምን ይያዝ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስ ነበር። ፋርማሲስቷ ግን በገነች። ስንት ዘመን አምቃ ያኖረችውን ቂም እኚህ ሴትዮ በአንድ አረፍተ ነገር ወሰዱባት። ያለ ቂሙ ደግሞ መጽሐፉ ምኑ ይቀራል?

ያም ሆኖ ጻፈችው። ስድቡን አወጣች፣ ብርጭቆውን አስገባች። አማቲቱ በገባች ቁጥር የሆነ ነገር እየፈለገች ገባች፤ አንዴ የሚያናግራት ሰው፣ አንዴ ቁልፏን፣ አንዴ ደግሞ ልጇ ደውሎ እንደሆነ ለማወቅ። ስትጨርስ ለአርታኢው ላከችለት።

አርታኢው የደወለው መድኃኒት ቤቱ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። «አማቲቱ ሰው ሆነች» አላት። ፋርማሲስቷ ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ ሳይደርስ ቀጠለ፤ «አሁን ደግሞ ምራቲቱን አላመንኳትም። አንድም ቀን አታጠፋም። ሁልጊዜ ተበዳይ ናት። እሷን እንደገና እያት።»

ስልኩን ጠረቀመችው። ክኒን ለጠየቃት ሰው የሳል ሽሮፕ አንስታ ሰጠችውና ይቅርታ ጠይቃ ለወጠችለት።

ቤት ስትገባ አማቷ ሳሎን ነበሩ። «ምን አለሽ?»

«ምራቲቱ አትታመንም አለኝ።»

አማቷ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞክረው አቃታቸው። «ሰውየው እዚህ ቤት መጥቶ ያውቃል እንዴ?»

«ምኑ ነው የሚያስቅዎት?»

«ወንበሬን የሰጠሽበትን ቀን ጻፊዋ።»

ፋርማሲስቷ ክው አለች። አማቷ ሆስፒታል ሳሉ፣ ዕቃቸው ወደዚህ ቤት ከመጣ በኋላ፣ ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ አዋጥተው የገዙላቸውን ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ከሆስፒታል ወጥተው ሲገቡ ወንበሩ አልነበረም። ስለ ወንበሩ እስከዛሬ ማንም ቃል ተንፍሶ አያውቅም።

«ክፍሉ እኮ ጠባብ ነው! አልጋው አይገባም ነበር!»

«እንዳልሽው ጻፊው።»

«እርስዎስ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ሰው ቤት ገብቼ ምን ልናገር? እሱንም ጻፊ።»

ተቀመጠችና ጀመረች። የመጀመሪያው መስመር «ክፍሉ ጠባብ ስለነበር» ብሎ ተነሣ፤ ሰረዘችው። ሁለተኛው «ለሴትዮዋ ምቾት ስትል» አለ፤ በእሱስ ራሷም አፈረች። ስትጽፍ ስትሰርዝ ቆየችና በመጨረሻ «ሳትጠይቃት ወንበሯን ለሰው ሰጠች» ብላ አሰፈረች። ደስ አላላትም። ግን አልሰረዘችውም።

ገጹን ወስዳ ለአማቷ አነበበችላቸው። እሳቸው አዳምጠው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያን የሚያህል ወንበር ብቻዋን ተሸክማ ነው ያወረደችው?»

«ምን?»

«በአንዱ ጎን ባልሽ አልነበረም? ልጄን ለምን ደበቅሽልኝ?»

ፋርማሲስቷ እርሳሱን ወርውራ ተነሣች። «ይሄ መጽሐፍ ይቅርብኝ!» ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ እራትም ሳትበላ አደረች። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ግን ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ቁጭ አለች፤ ባልየውን በወንበሩ በአንዱ ጎን አስያዘችውና ሁለቱን ደረጃውን ማስወረድ ጀመረች።