የስካርቦሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እና የሚስ ፐርል ለቅሶ

ካናዳ ውስጥ ያለው የስካርቦሮ እድራችን የዋናው እድር ቅርንጫፍ ነው፤ የራሱ ሦስት ሽማግሌዎች አሉት። አባላቱ ፊት ለፊት «አባቶቻችን» ይሏቸዋል፤ አንዷ ሴት ናቸው፣ ቅር ብሏቸው አያውቅም። ዞር ሲሉ ግን ስማቸው «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ» ነው።

የሚሰበሰቡት ከሦስቱ አንዱ ጋሽ በርናባስ በሚኖሩበት ኮንዶ የግብዣ ክፍል፣ ፓርቲ ሩሙ ውስጥ ነው። በዚያ እሑድ ከእኛ በፊት ሰው ልደት አክብሮበት ኖሮ አንድ ወርቃማ ፊኛ ጣሪያው ላይ ቀርቷል። ክሩ ሰብሳቢው ጋሽ ዋለልኝ ትከሻ ላይ አርፎ ስለነበር እሳቸው በተነቃነቁ ቁጥር ፊኛውም ይነቃነቃል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። የመረጡኝ ሕግ ስለተማርኩ አይደለም፤ ስለማልናገር ነው።

ጉዳዩ የእትዬ እታገኝ ነበር። እትዬ እታገኝ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ስደተኛ ሆነው ሲመጡ፣ ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው መንገድ ላይ አንዲት ጃማይካዊት የኋላ ክፍላቸውን አከራዩዋቸው። ሚስ ፐርል ይባላሉ። ኪራዩ የቆመው መቼ እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም፤ እንደተጨቃጨቁ አብረው አረጁ። ሚስ ፐርል ሐሙስ ዕለት አረፉ። ልጅም ወንድምም የላቸውም። እትዬ እታገኝ እድሩ ወንበሩንና ወጡን ይዞ መጥቶ ለቅሶ እንዲቀመጥላቸው ጠየቁ።

«ብቻዬን እንዴት ላልቅስላት?» አሉ በሩ አጠገብ ተቀምጠው። «ጎረቤት የሰማ እንደሆነ ቴሌቪዥን ከፍቼ የተኛሁ ነው የሚመስለው።»

ጋሽ በርናባስ ቤት አሻሻጭ ናቸው፤ ነገር መቋጨት ይወዳሉ። «ቤተሰብ የሚባለው ማን እንደሆነ ዋናው እድር አምና ወስኗል» አሉ። «ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት። ቤት የተጋራ ሩምሜት የለበትም። የእኛ ደንብ ደግሞ ከዋናው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ስለዚህ ክሎዝድ!»

«ቤት ስትሸጥም እንዲህ ቶሎ ትዘጋለህ?» አሉ ሦስተኛዋ ሽማግሌ እትዬ ተሻለች። «እኔን አንድ ቤዝመንት ስታሳየኝ ሁለት ዓመትህ ነው።»

ጋሽ ዋለልኝ ወደ እኔ ዞሩ። ፊኛውም ዞረ። «ጽዮን፣ ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ተምረሽው የለም? እስቲ በይ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። «አሜሪካ ውስጥ... እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕገ መንግሥት አለው።»

«ጮክ በይ፣ ልጄ።»

«የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ይተረጉማል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የራሱን። ቃሉ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። ፌዴራሉ ከሰጠው መብት መቀነስ አይችልም፤ መጨመር ግን ይችላል። ብዙዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ግን የራሳቸውን ታሪክና የቀድሞ ውሳኔያቸውን ያያሉ።»

«እኛ ያለነው ካናዳ ነው» አሉ ጋሽ በርናባስ።

«እድሩስ ከኦታዋ ነው የመጣው?» አሉ እትዬ ተሻለች።

ጋሽ ዋለልኝ ሳቅ እንዳይቀድማቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ታዲያ እኛ የቀድሞ ውሳኔ አለን?»

አለን። ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ሪጀንት ፓርክ» አሉ እትዬ ተሻለች።

አንድ ክረምት ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ይመሳሰላሉና፣ ጋሽ ዋለልኝ ድስት ተሸክመው ከፊት እየመሩ የሌላ ሕንፃ በር አስገቡን። ደጁ ላይ ጫማ ተከምሯል፣ ውስጥ ይለቀሳል። ገባን፣ አለቀስን፣ ጋሽ ዋለልኝ ረጅም የማጽናኛ ንግግር አደረጉ። የሟቹን ፎቶ ያየነው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ። ሾርባ ስለቀረበልን መነሳት ነውር ሆነ። ትክክለኛው የሐዘንተኛ ቤት ባዶውን አመሸ፤ ወጡም እንግዳ ቤት ቀረ። አባላት ሲያጉረመርሙ ጠቅላይ ፍርድ ቤታችን ተቀምጦ «እድሩ አልቅሶ የተቀመጠለት ሰው ሁሉ የእድሩ ሙት ነው፤ ዝምድናው አይጠየቅም» ሲል ወሰነ።

«እሱ እኮ ከሐፍረት ለመዳን ያደረግነው ነው!» አሉ ጋሽ በርናባስ።

«ብዙ ሕግ የሚጀምረው እንዲህ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ሁሉም አዩኝ። አንዴ ከወጣ ብዬ ቀጠልኩ። «መሻር ይቻላል። ግን ለምን እንደተሻረ መጻፍ አለብኝ። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ዋናው እድር ይሄዳል።»

«ምን ብለሽ ልትጽፊ?» አሉ ጋሽ ዋለልኝ።

«ሰብሳቢው በር ተሳስተው...»

«አይሻርም» አሉ ጋሽ ዋለልኝ።

ጋሽ በርናባስ ግን አልለቀቁም። «ውሳኔው ‹የተቀመጠለት› ነው የሚለው። ለሚስ ፐርል ገና አልተቀመጥንም። እንቀመጥ ወይ ነው ጥያቄው!»

እውነታቸውን ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

እትዬ እታገኝ ከወንበራቸው ተነሱ። «በርናባስ፣ እናትህ የሞቱ ጊዜ ወንበር የደረደረው ማን ነው? ነጠላዬን ተከናንባ፣ ሁለት ባስ ቀይራ እዚህ ድረስ የመጣችው ፐርል አይደለችም? ለናንተ ሙት ሁሉ አልቅሳለች። አንዱንም ዘመዴ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም።»

ጋሽ በርናባስ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

«ከእህቴ በላይ ነው ያለቀሰችው» አሉ በመጨረሻ። «እህቴ እስካሁን አኩርፋለች።»

«እና ክሎዝድ ነው?» አሉ እትዬ ተሻለች።

«ክሎዝድ አላልኩም። ፔንዲንግ ነው ያልኩት።»

ሦስቱም እጃቸውን አነሱ፤ እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የዋናው እድር ትርጉም የዋናው እድር ነው። በስካርቦሮ ደንብ መሠረት ግን ከእኛ ጋር ያለቀሰ የእኛ ነው። በሙሉ ድምፅ።

ማክሰኞ ከቀብር በኋላ እትዬ እታገኝ ቀድመውን ወደ ቤት ሄዱ። እኛ ወንበሩን በጋሽ በርናባስ ቫን ጭነን፣ ኤግሊንተን ዌስት ላይ ፓርኪንግ ስንፈልግ ቆይተን ደረስን። ጋሽ ዋለልኝ ድስቱን አቅፈው ደረጃው ላይ ወጡና ለማንኳኳት እጃቸውን አንስተው ቆሙ።

«ጽዮን፣ ቁጥሩን እይልኝ።»

አየሁት። «ትክክል ነው፣ ጋሽዬ።»

«ባይሆንስ?» አሉ እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ። «ውሳኔ አለን።»

ከዚያ በሩ ሳይከፈት፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ነው ብሎ እንዳይሳሳት አድርገው፣ ለቅሶውን ጀመሩት።