የዘንዶው ሰባት ቤት

ገዛኸኝ ለሰው ክፍል ሂተር የሚያጠፋ፣ ለዘንዶዎቹ ግን ቀን ከሌት የሚያስነድድ ሰው ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፓብሎ ካለው ቤቱ ሁሉ የሚሞቀው ጋራዡ ነው። እዚያ ግድግዳውን ሞልተው በተደረደሩት መሳቢያዎች ውስጥ ፓይተን የሚባሉት ጥቁርና ቢጫ ዘንዶዎቹ ተጠቅልለው ይኖራሉ። የአካባቢው ሐበሻ «እባብ ያለበት ቤት» እያለ እግሩን ካሳጠረ ቆይቷል። እህቱ መቅደስ ግን የት ትሄዳለች? ሚልፒታስ ካለው የምትሠራበት ፋብሪካ ስትመለስ መሳቢያ ታጸዳለች፣ ውሃ ትቀይራለች።

ገዛኸኝ የሚመካው በአንድ ነገር ነው፤ በደም ንጽሕና። «የእኔ ዘንዶዎች የውጭ ደም ነክቷቸው አያውቅም» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ከንቱ አይደለም። አንዴ የተቀላቀለ ዘር ተመልሶ አይለይም፤ ድቅሉን ንጹሕ ነው ብሎ የሚሸጥ ቀጣፊም ሞልቷል። ነገር ግን ያ ንጽሕና እንዴት እንደሚጠበቅ መሳቢያ የምታጸዳው መቅደስ ታውቃለች። ወንድምን ከእህት፣ አባትን ከልጅ እያገናኘ ነው የሚያራባቸው። ለዚህም «ላይን ብሪዲንግ» የሚል ያማረ ስም አለው።

የሳን ሆዜው ግሩም ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ልዩ ልዩ የፓይተን ዘር እያዳቀለ ያራባል። መቅደስ ግሩምን ያወቀችው ሳን ሆዜ በተደረገ የእባብና የእንሽላሊት ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ወንድሟ የመሸጫ ጠረጴዛዬን ጠብቂልኝ ብሎ ወስዷት ነበር፤ የግሩም ጠረጴዛ ፊት ለፊታቸው ሆነ። ገዛኸኝ ገዢ ፊት «ይሄ ድቅል አርቢ!» ብሎ ዘለፈው። ግሩምም አልማረውም፤ «የአንተዎቹ ጀርባቸው የጎበጠው ከምን የተነሳ ነው?» ብሎ በሕዝብ ፊት ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንደሚባለው ሆነው ቀሩ። መቅደስና ግሩም ግን ስልክ ተለዋወጡ፤ ዓመት ሳይሞላ ግሩም ሽማግሌ ላከ።

በመጀመሪያው ቀን ገዛኸኝ ክፉ አልተናገረም። «አባታችን ሲሞት አደራ ብሎ የሰጠኝ እሷን ነው። ሰባት ቤት ሳልቆጥር አልድራትም፤ ጊዜ ስጡኝ» አለ። መቅደስ እንዲያውም ደስ አላት፤ ወግ ነዋ! ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ግን እራት ላይ ቀና ብሎ ሳያያት «ቆጠርኩት። በአምስተኛው ቤት ዘመዳችን ነው። ፎርጌት ኢት» አላት።

አመነችው። አባት ሆኖ ያሳደጋትን ሰው እንዴት አታምን? በማግስቱ ለግሩም ደውላ «ዘመዴ ነህ» አለችው። ስልኩን ዘግታ፣ ዓይኗ አብጦ፣ እጇን ሥራ ለማስያዝ ያህል ወደ ጋራዡ ገባች።

የመጀመሪያውን መሳቢያ ስትስብ በቅርቡ የተፈለፈለው ግልገል አለ። አከርካሪው ሁለት ቦታ ተቆልምሟል፤ አንድ ዓይኑ ጭራሽ አልተፈጠረም። አባትና እናቱ እህትና ወንድም ናቸው። አያቶቹም እንዲሁ። መቅደስ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ዛሬ ግን ስታየው ደሟ ፈላ። ወንድምን ለእህት ሲያጋባ ቅንድቡ የማይነቃነቅ ሰው፣ ለአምስተኛ ቤት ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚሳቀቀው?

ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ጋሽ ገብረ ሥላሴ ከሁለት የኦክላንድ ጓደኞቻቸው ጋር ናቸው። ገዛኸኝ ፊቱን ኀዘን አልብሶ ይናገራል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ገብረ ሥላሴ። የእሱ ቅድመ አያትና የእኛ ቅድመ አያት እህትና ወንድም ሆነው አገኘኋቸው።»

«እንግዲህ ሥጋ ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው።

መቅደስ ግልገሉን በመዳፏ ይዛ ገባችና የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በስመ አብ!» ብለው ከሶፋው ኋላ ሆኑ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቤት መቁጠር ትችል የለ? ይሄንንም ቁጠርልን።»

«ኧረ መቅዲ፣ አር ዩ ክሬዚ? ፑት ሂም ባክ! መልሺው፣ ይበርደዋል!»

«ቁጠር! እናቱ ማናት? የአባቱ እህት አይደለችም? አያቶቹስ? ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ጀርባውን ይዩልኝ። ዓይኑን ይዩልኝ። ይሄ ሰባት ቤት ቢቆጠርለት ያው አንድ ቤት ነው ያለው!»

«እንስሳ ነው እኮ! ሳይንስ ነው! ሰው ከእባብ ጋር ይወዳደራል?»

«ያወዳደርከውማ አንተ ነህ! ለእህትና ወንድም ያልደነገጥክ ሰውዬ ለአምስተኛ ቤት ምን አስደነገጠህ?»

ገዛኸኝ ሲቆጣ አፉን አያውቀውም። «ዘመድ ቢሆንማ በስንት ጣዕሙ!» ብሎ ጮኸ። «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድቅል አርቢ! በሰው ፊት ያዋረደኝ! ደማችንን ከእሱ ጋር ስታደባልቂ ቁጭ ብዬ አላይሽም!»

«ቢሆንማ?» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ቀስ ብለው። «እና አይደለም? በሙት አጥንት ነው የዋሸኸን?»

ገዛኸኝ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

መቅደስ ሌሊቱን ያለቀሰችው፣ የምትወደውን ሰው ዘመዴ ነህ ያለችው፣ ለዚህ ነው? ለኤግዚቢሽን ስድብ? «አባቴ ነበር እኮ የምልህ!» ብላ ጮኸች፤ እንባዋ ቀደማት። «ይሄን ሁሉ ዓመት አባቴ!»

ወንድሟ ወደ እሷ መጣ። የመጣ መሰላት እንጂ አጠገቧ ያለውን ጠረጴዛ ነበር የፈለገው። ግልገሉን በሁለት እጁ አነሳ፣ የጎበጠውን ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ትንፋሹን እፍ አለበትና ሸሚዙ ውስጥ ሸጎጠው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እሷ ቀና ያለው።

እንባዋ ወዲያው ደረቀ።

«ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ለግሩም እሺ ብላለች ይበሉልኝ። እሱም ስለ ደም አንድ ቃል እንዳይናገረኝ፤ ድቅሉንም ንጹሑንም ጠግቤአለሁ።»

«መልካም፣ ልጄ። ግን የሴት ወገን ሆኖ ማን ይቆማል?»

«እኔው እቆማለሁ።»

«መቅዲ» አለ ገዛኸኝ፤ ሸሚዙን በእጁ ደግፎ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አደራ አለብኝ እኮ። አባባ አደራ ብሎኛል።»

«አደራ በላ!» አለችው።

በሐበሻ ቤት ታላቅ ወንድም እንዲህ ተብሎ አይሰደብም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ግን አንዳቸውም ተይ፣ ነውር ነው አላሏትም።