የጉበት ቀለም

ቀለም እንዲህ ሆድ የሚያገላብጥ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ልጄ ባሲም ሊያገባ ሲል ነው። እጮኛው ኒርሚን የቀለም ካታሎግ ታቅፋ መጣችና መታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከየዓይነቱ መዳፍ መዳፍ የሚያክል እየቀባች ታሳየኝ ጀመር። ከወገብ በታች ሴራሚክ ስለሆነ አይነካም። ከዚያ በላይ ያለውን ግን የእስክንድርያ የባሕር እርጥበት ልጦት ነበር፣ ጥግ ጥጉን ሻጋታ ይዞታል፤ መቀባት ነበረበት፣ እሱን አልክድም።

መታጠቢያ ቤት ስላችሁ ሰፊ እንዳይመስላችሁ። መሐሉ ላይ ቆማችሁ እጃችሁን ብትዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካላችሁ። መስኮቱ የሚከፈተው ከጣሪያ እስከ ምድር ወደሚወርደው የሕንጻው የአየር መተንፈሻ ጉድጓድ ነው። የጎረቤቱ ሁሉ የነጭ ሽንኩርት ጥብስ፣ የርግብ ኩስና የእርጥብ ድመት ሽታ ተሰብስቦ እኔ ዘንድ ይገባል።

ባለፈው በጋ ደግሞ ሌላ ሽታ ወረደ። ከእኛ በላይ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት ሴትዮ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ሞተው ኖሯል። ልጆቻቸው ራቅ ያለ ከተማ ናቸው፣ ማንም አላወቀላቸውም። ያወቅኩት እኔ ነኝ፣ በአፍንጫዬ። ጡረታ እስክወጣ ነርስ ስለነበርኩ ያ ሽታ የምን እንደሆነ አይጠፋኝም። ከዚያ ወዲህ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ እሳቸው ብቻዬን መቅረት። ስለዚህ ባሲም ሚስቱን ይዞ እዚሁ እኔ ጋ ሊኖር መወሰኑን ሲነግረኝ ማልቀሴን ደብቄ ወጥ ቤት ገባሁ።

ይህን ደስታዬን ታዲያ በገዛ አፌ ላበላሸው ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀለም ክሬም ነበር። ካታሎጉ ቆንጆ ስም አውጥቶለታል፤ እኔ ያየሁት ግን ሕፃን ያስመለሰውን ወተት ነው። ነገርኳት። ቢጫውን የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ሽንት አልኩት። አረንጓዴውን ሐሞት፣ ሮዙን ጥርስ የለቀቀ ድድ፣ የኮክ ቀለም ያለውን ደግሞ ፋሻ ላይ የደረቀ መግል። ዕድሜዬን ሆስፒታል ውስጥ የጨረስኩ ሴት ነኝ። የሰው ልጅ ከውስጡ የሚያወጣው ሁሉ በዓይኔ አልፏል፤ ለካ ያ ሁሉ በካታሎግ ተጠርዞ ይሸጣል። ኒርሚን መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በቃ ነጭ ይሁን ስትል ሬሳ ክፍል አልኳት። ከዚያ በኋላ መሳቋን ተወች።

ባሲም እራት ላይ ነገሩን አነሳው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። አንድ ግድግዳ ያላስማማችሁ አንድ ቤት እንዴት ልትኖሩ ነው ካለ በኋላ፣ ከከተማው ጫፍ በረሃው ላይ ከተሠሩት አዳዲስ ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ ቤት ማየቱን፣ አከራዩም መልስ እየጠበቀ መሆኑን ነገረኝ። መኪና ለማልነዳ ለእኔ እዚያ ለመድረስ በትራም ሄዶ ሚኒባስ መያዝ፣ ከዚያ ወርዶ ሌላ ሚኒባስ መያዝ ነው። ከእንግዲህ ምንም ብትቀባ «ያምራል» ልላት ለራሴ ማልኩ።

ኒርሚን በማግስቱ ስትመጣ ቀለም አልያዘችም። ኮምጣጤና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይዛ ገብታ በሩን ዘጋች። ግድግዳውን ስትፈገፍግ ይሰማኛል። ማንኪያ እንኳ በፈላ ውሃ የማጥብ ሴት፣ ገና ያላገባችው ልጅ መጥታ ቆሻሻ ናት ልትለኝ! ስትወጣ ፊቷ ገርጥቷል። ወጥ ቤት ገብታ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። እሷ የተናገረችው ነገር የለም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ንዴቴን የምከትፈው ሽንኩርት ላይ ተወጣሁት።

ቀጥላ የመጣችው ከባሲም ጋር ነው። ከእጅ መታጠቢያው በላይ አዲስ ቀለም ሰፋ አድርጋ ቀብታ ስትጨርስ ጠራችኝ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ቀላ ብሎ የጠቆረ ቡናማ ነው። ቋቅ አለኝ። መማሌን አልረሳሁም፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

«ይሄማ ጉበት ነው» አልኳት። «ከአባትሽ መጥበሻ ላይ ጨልፈሽ ነው ያመጣሽው?»

አባቷ ትራም ማቆሚያው አጠገብ የጉበት ሳንድዊች ይሸጣሉ። ያንን ሳንድዊች ስንት ዘመን በልቻለሁ፣ ጣቴን እየላስኩ። ኒርሚን ብሩሹን አስቀመጠች። ባሲም የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«በቃ እማ። ሄጄ ቤቱን እከራያለሁ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ፈለግኩ፤ ለስድብ እንዲያ የሚፈጥነው አፌ ግን ተለጎመ። ከላይ የሞቱት ሴትዮ ትዝ አሉኝ። ኒርሚን ክንዴን ያዘችኝ። ባሲምን ቆይ አለችውና እኔን ወደ ውስጥ ሳበችኝ፣ አምፖሉን አበራች።

«አክስቴ፣ ይሄን ይመልከቱ» አለችኝ፤ በእኛ አገር ምራት አማቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

ያሳየችኝ ከቀባችው ጎን ያለውን፣ ገና ያልተቀባውን ግድግዳ ነው። ቡናማ ነገር ተፈናጥቆበታል። አንዳንዱ ተንጠባጥቦ ወርዶ ደርቋል፣ የራስ ፀጉርም ተጣብቆበታል። ሂና ነው። የእኔ ሂና። በዓል በመጣ ቁጥር ሽበቴን የምቀባው፣ ራሴንም የማራግፈው እዚያ ቆሜ ነው። ጧት ማታ ፊቴን የምታጠበው ከሥሩ ሆኜ፣ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

«ላስለቅቀው ሞከርኩ፣ አይለቅም» አለች። «አልዋሽዎትም፣ አስጠልቶኛል። ሊያስመልሰኝ ነበር። ነጭ ብንቀባው እርስዎ ለበዓሉ ይረጩበታል፣ እኔ አያለሁ። መጀመሪያ በሆዴ አማዎታለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከአፌ ይወጣል። ይሄኛው ግን ሂናዎን ይውጠዋል። እርስዎ እንደልብዎ ይርጩ፣ እኔም አላይም።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። ለቀለሙ ሁሉ የበሽታ ስም ሳወጣ ከርሜ ለዚህኛው ስም አጣሁለት። የገዛ ራሴ ቆሻሻ አንገሸገሸኝ። የሌላውን ሰው ያን ሁሉ ዘመን ስጠርግ እንዲህ ገልምቶኝ አያውቅም። ይህች ልጅ በእጇ ፈግፍጋዋለች፣ ወጥታም ለማንም አልተናገረችም።

«ቁልፉን አስቀምጥ» አልኩት ባሲምን። «ቀለም ቀቢውን ጥራልን።» ከዚያ ቀስ ብዬ ኒርሚንን «ያልኩትን ለአባትሽ እንዳትነግሪያቸው» አልኳት።

«እነግራቸዋለሁ እንጂ» አለች። «ለሠርጉ ጉበት ጠብሰው ይልኩልዎታል።»

ግድግዳው ተቀባ፣ ሠርጉም አለፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬም ያስጠላኛል። በሩን ስዘጋ የበሬ ሆድ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ለበዓሉ ዋዜማ ሂናዬን ተቀብቼ ራሴን አራገፍኩ፤ የረጨሁትን ብፈልገው ምንም አይታይም። ከላይ ያለው ቤት እስካሁን ባዶ ነው፣ በጉድጓዱ የሚወርድ ድምፅም የለም። እኔ ግን ውስጥ ትንሽ ከቆየሁ በሩ ይንኳኳል።

«አክስቴ? አሉ?»

«አለሁ» እላታለሁ። «ግድግዳሽ እያስጠላኝ ነው።»