መንገዱን ያዞረ ቤት

የከተማ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሹም ይወዳሉ። ማን ቆረቆራት፣ ማን ግብር ሰበሰበባት፣ ማን ድንኳን ተከለባት ይላሉ፤ መንገዷ ለምን እንደሚጠመዘዝ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ የማወራችሁ ስለ መቱ መንገድ ነው። ከጎሬ ቁልቁል ሲወርድ ቀጥ ብሎ ይመጣና ገበያው አፍ ላይ ሲደርስ ሳይታሰብ ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያ ቦታ ገደል የለም፣ ወንዝ የለም፣ የሚያስቸግር ድንጋይም የለም። የነበረው የዘህራ ቤት ነው።

ዘህራ የሸምሰዲን ሚስት ነበረች። ሸምሰዲን ከጅማ መጥቶ ከገበሬው ቡና እየገዛ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በበቅሎ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር። ሲያልፍለት ምሰሶው ዋንዛ የሆነ ሰፊ ቤት ሠራ፤ ከፊት የቡና ጆንያ የሚከመርበት ትልቅ ክፍል፣ ከጀርባው መኝታ ቤት፣ ከጓሮ ማድቤት። ጣልያን ጎሬ በገባበት ዓመት በንዳድ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ለዘህራ የቀረላት ያ ቤት ብቻ ነበር። ግድግዳውን የመረገችው እሷ ናት፤ ጭቃውን ያቀበላት እሱ ነው። ቤቱን የምትወደው እንደ ሰው ነበር።

በ1930 ዓ.ም. ጣልያኖች መኪና ገበያው ድረስ የሚያስገባ መንገድ እንቅደድ አሉ። አንድ ሻምበል ችካል እያስተከለ ከላይ ወረደ። ችካል የተተከለበት ጎጆ በነጋታው ይፈርሳል። ሻምበሉ ለማንም የሚራራ ሰው አልነበረም፤ የሚጠነቀቀው ለአንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ መስጊድ እንዳትነካ ተብሏል። ትእዛዙ ከሃይማኖት ፍቅር የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ እስላሙን ከክርስቲያኑ ለይቶ ለመያዝ ነው።

አስተርጓሚው የምጥዋ ሰው ነበር። ዐረብኛና ጣልያንኛ አሳምሮ ያውቃል፤ አማርኛውን ግን የለቃቀመው በዘመቻ ላይ ነው። ከለቃቀማቸው ቃላት አንዱ «ቤቶች» ነው። ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ብሎ እንደሚጣራ ያውቃል፤ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ግን አያውቅም። ችካሉ ዘህራ ደጅ ሲደርስ ተጠጋና ተጣራ።

«ቤቶች!»

ዘህራ ማድቤት ነበረች። ማን እንደመጣ አላየችም። አገሩ ሁሉ እንደሚመልሰው መለሰች።

«ቤት የአላህ!»

ክርስቲያኑ ቤት የእግዜር ይላል፣ እስላሙ ቤት የአላህ ይላል፤ ሁለቱም ግቡ ማለታቸው ነው። የምጥዋው ሰው ግን ነገሩን በዐረብኛ ጆሮው ሰማው። ለሻምበሉ ይህ የአላህ ቤት ነው፣ መስጊድ ነው ብሎ ነገረው። ሻምበሉ ቤቱን ዞሮ አየው፤ መስጊድ መስጊድ አልሸተተውም። ተጠራጠረና ከማዶ አጥሩን ተደግፎ የሚያየውን ኩምሳን አስጠራ።

ኩምሳ ክርስቲያን ነው፣ ገበሬ ነው። ከዘህራ ቤት ትይዩ ያለው የቡና ማሳ የእሱ ነው። መንገዱ የዘህራን ቤት ከዞረ የሚያልፈው በዚያ ማሳ ላይ ነው፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። መስጊድ አይደለም ቢል ቡናው ይተርፋል፣ የጎረቤቱ ቤት ይፈርሳል። ኩምሳ ቡናውን አየ፤ ደጃፏ ላይ ወጥታ የቆመችውን ዘህራን አየ።

«ማነ ረቢቲ» አለ በኦሮምኛ። የጌታ ቤት ነው ማለቱ ነው፤ ረቢ የምትለዋን ቃል አስተርጓሚው ከዐረብኛው ያውቃታል።

ዋሸ አይባልም፤ የጌታ ያልሆነ ቤት የት አለ? ችካሉ ተነቀለና ወደ ግራ ተተከለ። በሳምንቱ የኩምሳ ቡና ተመነጠረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሻምበሉ ግን ዓርብ መጥቼ ሰጋጆቹን ሰላም እላለሁ አለ። የገበያው እስላሞች እስከዚያ ጊዜ የሚሰግዱት ዋርካ ሥር ነበር፤ የሚያሰግዷቸው ሼህ አባስ የሚባሉ ጨው ነጋዴ ናቸው። ሼህ አባስ ሐሙስ ዘህራ ዘንድ ሄደው ለመኗት። ነገሩ ከታወቀ ቤቱም ይፈርሳል፣ ኩምሳም ይገረፋል፤ ጣልያኖቹ እስኪሄዱ ድረስ ብቻ አውሺን አሏት። ዘህራ እሺ አለች። ምን ትበል? አልጋዋን ወደ ማድቤት አዛወረች።

ሻምበሉ ዓርብ መጣና ቤቱ ጠባብ ነው አለ። ደግ ለመሆን ፈልጎ መኝታ ቤቱን የሚለየውን ግድግዳ አስፈረሰ፤ ውስጡንም ኖራ አስቀባ። ዘህራ ማድቤት ቁጭ ብላ ዶማው ሲያርፍ ሰማች። ባሏ ጭቃ ያቀበላት ግድግዳ ነው። አለቀሰች።

እስኪሄዱ ድረስ የተባለው ሦስት ዓመት አለፈው። ሰው ለማዳ ነው። ልጆች እዚያ ቁርኣን ቀሩ፣ ከቡሬ የመጣ መንገደኛ እዚያ አደረ። ከስግደት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ የምትቀዳው ራሷ ዘህራ ነበረች። በልቧ ግን አልጋዋን የት እንደምትዘረጋና ግድግዳውን በምን ጭድ እንደምትመርገው ታውጠነጥናለች። ይህን የምትነግረው ለኩምሳ ብቻ ነው። እሱም ቡናዬን የሰጠሁት ለአንቺ ቤት ነው፣ ትገቢበታለሽ ይላታል።

በ1933 ክረምት ጣልያን ሄደ። ሼህ አባስ ቃላቸውን አልረሱም። ሰዉን እዚያው ቤት ሰብስበው ለባለቤቷ እንመልስ አሉ። አንዳንዱ ይህን ያህል ዘመን የተሰገደበትን እንዴት መልሰን መኝታ እናደርገዋለን ብሎ አጉረመረመ። ሼሁ ተቆጡ። ውሻ በቀደደው ጅብ ገባ እንዳይባል፣ ጣልያን የወሰደውን እኛ አንወርስም አሉ። ክርክሩ ወደ እሳቸው አጋደለ፤ ዘህራን ጥሩልኝ አሉ።

ዘህራ ኩምሳን አጥሩ ዘንድ ትታ መጣች። የወንዶች ጉባኤ ነውና የገዛ ቤቷ ቢሆንም ዘው አላለችም። ሻሿን አስተካክላ ከደጃፉ ወጣ ብላ ቆመች።

«ቤቶች!» አለች።

ሼህ አባስ ፊታቸውን አዙረው ካጉረመረመው ሰው ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ።

«ቤት የአላህ!»

 ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሼሁ ዞረው ዘህራን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ማለቴ እኮ ብለው ጀመሩ፤ በሰው ሁሉ ፊት የአላህ ነው ያሉትን የማን ነው ይበሉ? ዘህራ ኖራውን አየች፣ አልጋዋ የነበረበትን ቦታ አየች፣ አንገታቸውን የደፉትን ሰዎች አየች።  ይተዉት እንደማለት እጇን ወደ ሼሁ አንሥታ ተመለሰች።

ኩምሳ አጥሩ ዘንድ ሆኖ ምንም አልሰማም።

«መለሱልሽ?» አላት።

«መለሱልኝ፣ ኦቦ ኩምሳ።»

ኩምሳ ደስ አለው። ጭዱን ከእኔ ትወስጃለሽ፣ ጭቃውን ነገ በጠዋት እናቦካለን፣ ግድግዳውን ከዚህ እስከዚህ እንጀምራለን እያለ ያወራ ጀመር። ዘህራ እስኪጨርስ ድረስ ቆማ አዳመጠችው። ከዚያ እንስራዋን አነሣችና የውዱእ ውሃ ልትቀዳ ወረደች።